ትክትክ ያልነበረበት መርፌ

ሐኪም ሐሳቤን ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔ ባደግኩበት አገር ሐኪም ያዛል፣ እናት ትሰማለች፣ ነርሷ ትወጋለች፣ ልጁ ያለቅሳል፤ በቃ። ሆላንድ፣ ዴንሃግ ውስጥ ግን የሦስት ወር ሴት ልጄን ታቅፌ የሰፈሩ ሕፃናት ወደሚመዘኑበትና ወደሚከተቡበት ጣቢያ፣ እነሱ ኮንሱልታቲቡሮ ወደሚሉት ቤት ስገባ፣ ጠጉሩ የሸበተ ረጅም ሐኪም መነጽሩን አወለቀና «እርስዎስ ምን ያስባሉ?» አለኝ። የሆቴል አልጋ አንጣፊ ነኝ፤ ምን እንዳስብለት እንደፈለገ አልገባኝም። ተናደድኩበትም። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረው መልሶ እኔን ሊጠይቅ ነው ወይ አልኩ በሆዴ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ። በተሰባበረ ደች «ይህ መርፌ የልጅ ጭንቅላት ይጎዳል የሚሉት እውነት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወሬው ከእንግሊዝ አገር ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣኝም። መርፌው አራት በሽታ ይከላከላል አለኝ፤ ባለቤቴ ኋላ ወደ አማርኛ ሲመልስልኝ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍና ልምሻ ሆኑ። በሦስቱ ማንም አይከራከርም። የትክትኩ ግን ያተኩሳል፣ ያስለቅሳል፣ አልፎ አልፎም ልጅ ያንዘፈዝፋል። ለዘለቄታው ጭንቅላት ይጎዳል የሚለውን እሱ አያምንም፤ ሆኖም ሐኪሞች ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው። በሽታው ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ከመርፌው እጅግ የከፋ ነው። የማይፈልግ ወላጅ ካለ ትክትክ የሌለበት መርፌ አላቸው። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ነው «እርስዎስ?» ያለኝ። አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬ ልጄን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ፍርሃቱን የዘራችብኝ ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ናት። ክፉ ሰው አልነበረችም። ልጄ በተወለደች ማግስት ደረቅ ዳቦ ቅቤ ቀብታ፣ ሮዝና ነጭ የስኳር ፍሬ ነስንሳበት እንደ አገሯ ወግ ይዛልኝ መጥታለች። የራሷን የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ የትክትኩን አላስከተበችውም። ለምን ብላት የእህቷን ልጅ ታሪክ ነገረችኝ። ልጁ በተወጋበት ዕለት እሪ ሲል ውሎ አንዘፈዘፈው፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ልጅ አላደገም። አልዋሸችም። አንድ እሑድ እህትየው ልጁን ይዛ ስትመጣ ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ አራት ዓመቱ ነው፣ እናቱ ትከሻ ላይ አንገቱን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ለዚህ ያበቃው መርፌው ይሁን ሌላ ነገር የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ልጁን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በትክትክ የሞተ የሆላንድ ልጅ ደግሞ አላየሁም።

ባለቤቴ ዴንሃግ የመጣው የልማት ዕቅድ ሊማር ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ አገር ቤት የእሱን ቢጤ የሚያስር መንግሥት ስለጠበቀው በዚያው ቀረን። ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ ይውላል። ዕቅድ የተማረ ሰው ሽንኩርት ሲገዛ እንኳ አማራጭ ያወጣል። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ የሐኪሙን ነገር ብነግረው አንድ ነጭ ወረቀት አወጣ፣ መሐሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለ፣ በአንዱ በኩል «ጥቅም»፣ በሌላው በኩል «ጉዳት» ብሎ ጻፈ።

«ልጅ እኮ ናት፣ ግድብ አይደለችም» አልኩት።

«ታዲያ በምን እንወስን? በፍርሃት?»

«ፍርሃት ምን አለው?»

«እሺ፣ ፍርሃትሽንም እጽፈዋለሁ» አለና «ጉዳት» በሚለው ሥር አሰፈረው። ሲጽፍ አላሾፈም፤ ይኸው ነው ያበሸቀኝ።

ያን ሳምንት እግሬ አላርፍ አለ። ባሕሩ ዳር ስኬቨኒንገን በምሠራበት ሆቴል አንዱን አልጋ ስጀምር ትወጋ እላለሁ፣ ትራሱን ሳስቀምጥ ይቅርባት እላለሁ። ትራም ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርድና ከባሕሩ ነፋስ ጋር እየተጋፋሁ በእግሬ እገባለሁ። ገብቼም አልቀመጥ፤ የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና አጥባለሁ። ቅዳሜ ባለቤቴ አምስተርዳም ወሰደኝ። እዚያ አንድ አገር ቤት ሐኪም የነበረ ወዳጅ ነበረው፤ ዲግሪው እስኪታወቅለት በአረጋውያን ቤት ሽማግሌ ያጥባል።

«አገር ቤት ቢሆን አልጠይቅሽም ነበር» አለኝ። «አስይዤ ነው የምወጋት።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ትክትክ አላየሁም። እዚህ የማየው ደግሞ ሽማግሌ ብቻ ነው።»

ስንመለስ ባለቤቴ ባቡሩ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ «የምናውቀው ሐኪም እዚህ አገር ትክትክ አላየም» ብሎ ጻፈ። ስለ ሽማግሌዎቹ የተባለውን አልጻፈም። እኔም አላስታወስኩትም፤ ለካ ሁለታችንም መስማት የፈለግነውን መርጠን ሰምተናል።

የቀሩት እማማ ነበሩ። እማማ የምንላቸው የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናት ናቸው፤ ለዓይን ሕክምና ከአዲስ አበባ መጥተው ጎረቤት ከተማ ዞተርሜር ልጃቸው ቤት ተቀምጠዋል። አራስ ሳለሁ ጠያቂ ዘመድ እንደሌለኝ ሰምተው፣ ሳልጠራቸው መጥተው ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ወገቤን ያሹኝ እሳቸው ናቸው። ቤቴ ክፉ ወሬ እንዲገባ አልፈቀዱም። አንዲት ጠያቂ ስለታመመ ወንድሟ ማውራት ስትጀምር «ወተቷን ልታደርቂባት ነው? ዝም በይ» ብለው አፏን አስይዘዋታል። ወደ ሥራ ስመለስም በሳምንት ሦስት ቀን በባቡር እየመጡ ልጄን ያዙልኝ። አንድ ቃል ደች ሳያውቁ አንድም ቀን መንገድ አልጠፋቸውም።

ሰኞ ጠዋት ልጄን እያጠቧት ነበር። አጠገባቸው ቆሜ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ የትክትክ መርፌ ልጅ ይጎዳል ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ ምረጪ አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? ትወጋ ወይስ ይቅርባት?»

እጃቸው ውሃው ውስጥ ቆመ። አላዩኝም። ጥቂት ቆይተው «እግዜር ይጠብቃት» አሉና ውሃ በጀርባዋ ላይ አፈሰሱ። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ያን ቀን ሙሉ ከወትሯቸው ይልቅ ዝም አሉ።

እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው የማይወደውን ነገር ስትጠይቀው እንቢ አይልህም፤ እግዜርን ይጠራና ዝም ይላል። አንተ ታውቃለህ፣ ደግመህ አትጠይቅም። እኔም አወቅኩ። እኒህ የገጠር ተወላጅ፣ በቅጠልና በጠበል ያደጉ ሴት መርፌውን ጠልተውታል ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቴ እንደገባ «እማማም አልወደዱትም» አልኩት። ወረቀቱ ላይ ያን ጨመረ። በዚያች መስመር የጉዳቱ ወገን ረዘመ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና ያለ ትክትክ ይሁን አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፣ አልተከራከረኝም። ካርዷ ላይ አራቱን በሽታዎች ከሚወክሉት አራት ፊደላት አንዱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰረዘው። ልጄ ጥቂት አልቅሳ ተወችው፤ ትኩሳትም አልነካት። ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ሁሉ ቀለል አለኝ፣ ግን ትራም ፌርማታው እስክደርስ ብቻ ነው። ከዚያ የሰማያዊው ጭረት ነገር እንደገና ይቆረቁረኝ ጀመር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አራተኛው ሳምንት ላይ ከጣሪያችን በላይ ሳል ተጀመረ። መጀመሪያ ማንኛውም የልጅ ሳል ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ተከታተለ፤ ልጁ ትንፋሽ ሳይወስድ ደጋግሞ ይስላል፣ ይስላል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል፣ ከጸጥታው በኋላ አየር ሲስብ ረጅም የፉጨት ድምፅ ይወጣል። ድምፁን አወቅኩት። ልጅ ሳለሁ ከአጥራችን ማዶ ያሉ ልጆች ትክትክ ይዟቸው እናታቸው የአህያ ወተት ፍለጋ ስትዞር አስታውሳለሁ፤ እኛን ወደዚያ ግቢ እንዳንደርስ በአርጩሜ ይጠብቁን ነበር። ያን ሁሉ እያወቅኩ ለራሴ ጉንፋን ነው አልኩት። ለባለቤቴም ጉንፋን ነው አልኩት። ልጄን ግን ከሳሎን ወደ ኋላ ክፍል፣ ከኋላ ክፍል ወደ ኩሽና ይዤ እዞራለሁ፤ ድምፁ የማይደርስበት ቦታ ያለ ይመስል።

ሐሙስ ዕለት እረፍቴ ነበር፤ ሆኖም እማማ የልጅ ናፍቆት ይዟቸው መጡ። ልጄን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ዳይፐር ሲቀይሩ ያ ሳል ከላይ ተሰማ። እማማ ቀና አሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የጎረቤት ልጅ ነው፣ እማማ። ጉንፋን ይዞት።»

እስከ ፉጨቱ አዳመጡ። ከዚያ ልጄን በነጠላቸው ጠቀለሏት፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደረቡና ወደ በሩ ሄዱ። የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ናቸው፣ ካፖርት የለ። «እማማ፣ ወዴት ነው?» እያልኩ ተከተልኳቸው። ደረጃው ላይ ጎረቤቴ ልጇን ታቅፋ ወደ ሐኪም ስትወርድ ተገጣጠምን። የልጁ ከንፈር ጠቁሮ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እማማ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው የልጄን ፊት በደረታቸው ሸፈኑ። ጎረቤቴ አየችንና እያለቀሰች አለፈች። ለእሷም አዘንኩላት፣ ጠላኋትም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው።

ትራሙ ላይ ቲኬት ማስመታቱንም ረሳሁት። እማማ አልተቀመጡም። የብረት መያዣውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ «ሁለት ቀብሬበታለሁ» አሉኝ።

«ምን አሉ?»

«በዚህ ሳል። ሁለት። በአንድ ሳምንት።»

ከዚያ በኋላ የትኛው ፌርማታ እንደምንወርድ ብቻ ጠየቁኝ።

ኮንሱልታቲቡሮው የመመዘኛ ቀን ነበረና እናቶች ልጆቻቸውን እርቃናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በሆላንድ አገር ሰልፍ መጣስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከማፏጨት አይተናነስም። እማማ ሁሉንም አልፈው ሐኪሙ ክፍል ገቡ፣ ልጄን ጠረጴዛው ላይ አስተኙ፣ ጋቢውን ገልጠው ጭኗን በጣታቸው እየነኩ በአማርኛ «እዚህ ጋ ውጋት» አሉት። ሐኪሙ ቃሉ ሳይገባው ነገሩ ገባው መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረ። ያን ጥያቄውን ሊደግምልኝ ነው ብዬ ቀደምኩት።

«ሁሉንም» አልኩት። «አራቱንም።»

ስለ ጎረቤቴ ልጅ ነገርኩት። ካርዷን አይቶ ሳምንቱን ቆጠረና አራቱ ያሉበትን መርፌ ወጋት። አንድ መርፌ ዛሬውኑ ጋሻ እንደማይሆናት፣ ገና ሁለትና ሦስት ጊዜ መመለስ እንዳለብን ሳይደብቅ ነገረኝ። ለጥንቃቄ የሚሰጥ ሽሮፕ አዘዘላትና ሌላ የምታድሩበት ቦታ ካላችሁ ወደዚያ ሂዱ፣ ከሚያስለው ልጅ አርቋት አለ። እማማ ምን አለ ሲሉኝ ተረጎምኩላቸው። «ምን ጥያቄ አለው፣ ዞተርሜር ነዋ» አሉ።

ዞተርሜር አምስት ሳምንት ተቀመጥን። ባለቤቴ በባልደረባዬ ቤት ድንች ሲልጥ፣ እኔ በባቡር ስመላለስ፣ ልጄ በተነፈሰች ቁጥር ጆሮዬን ደረቷ ላይ ስለጥፍ አለፈ። አንድ ጊዜ ምራቋ ትን ብሏት ስታስል ባዶ እግሬን ይዣት እስከ በሩ ሮጥኩ። ሆኖም ትክትኩ አልያዛትም። የጎረቤቴ ልጅ ክረምቱን በሙሉ ሲያስል ከርሞ ዳነ፤ በጸደይ ሳየው ቆዳና አጥንት ሆኖ ብስክሌቷ ላይ ከፊቷ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። እናቱን ሞኝ ነሽ ማለት አልቻልኩም። የእህቷን ልጅ እኔም አይቼዋለሁ፤ እኔም እንደ እሷው መርጬ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ቀን ግን ከአእምሮዬ የማይወጣው የመጀመሪያው፣ ያ ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ጭኗ አብጦ ቀላ፤ እንደ እሱ ያለ ጩኸት ጮኻ አታውቅም፣ ጡትም እንቢ አለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። ያ ደረጃው ላይ ያየሁት የአራት ዓመት ልጅ፣ አንገቱን ጥሎ፣ ዓይኔ ላይ ቆመብኝ። እማማ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ሲያደርጉ እጃቸውን ገፋሁት። ያኔ ጠላኋቸው፤ ዛሬ ብናገረው ምን ይጎዳኛል። ልጄን የወሰዱት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም አልኩ በሆዴ፣ ሐኪሙን «አራቱንም» ያለው የእኔው አፍ እያለ። እማማ አልተቀየሙኝም። ጨርቁን መልሰው አደረጉት።

ሲመሻሽ ትኩሳቱ ዝቅ አለና ጡት ይዛ ተኛች። ባለቤቴ ከሮተርዳም በቀጥታ ዞተርሜር መጣ። የሆነውን ሁሉ፣ የትራሙን ቃል ሳልጨምር፣ በአጭሩ ነገርኩት። አጎንብሶ ልጁን አያት፣ እጇን ሳመ፣ ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ከደረት ኪሱ ያን ወረቀት አወጣ። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። «ትኩሳት፣ ሦስት ሰዓት ልቅሶ» ብሎ «ጉዳት» በሚለው ሥር ጻፈ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉት እማማ።

ስለ መርፌው ጥቅምና ጉዳቱን እንደሚያመዛዝን ነገራቸው። አንብብልኝ አሉት። ጥቅሙን አነበበ፣ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳቱን አነበበ፤ የጎረቤቷ እህት ልጅ፣ የእኔ ፍርሃት፣ አምስተርዳም ያለው ሐኪም ትክትክ አለማየቱ። ቀጥሎ ያለው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በዓይኔ ብጠቅሰውም አላየኝም።

«እማማም አልወደዱትም» ብሎ አነበበ።

እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?»

«እማማ፣ ስጠይቅዎት ዝም ሲሉ…» አልኩ። የቀረውን መጨረስ አልቻልኩም።

«ሰማንያ ቀንሽ ገና መውጣቱ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፣ ቁጣ ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። «ጡትሽ ወተት ይዞ፣ ልጅሽ እጄ ላይ ሆና፣ የሞቱ ልጆች ላወራልሽ ነው? ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ሐኪሙ አለ፣ የተማረ ባል አላት፣ እነሱ ይነግሯታል አልኩ። ዝም ያልኩት አፌን ከከፈትኩ ስለማለቅስ ነው።»

«የሞቱ ልጆች?» ብሎ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅኩለት። እማማ ጣታቸውን አንስተው ወደ ወረቀቱ አመለከቱ።

«ያን ሰርዘው።»

ሰረዘው።

«የኔን ሁለቱን ጻፋቸው።»

ባለቤቴ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። «ጥቅም»ን አየ፣ «ጉዳት»ን አየ፣ በየትኛው በኩል እንደሚጽፋቸው ጠፋበት። በመጨረሻ የእስክሪብቶውን ጫፍ በማስመሪያ ባሰመረው መስመር ራሱ ላይ፣ ከአናቱ አስቀመጠ።

እማማ ሊጠሩት የፈለጉትን ስም ለረጅም ዓመት አልጠሩትም መሰለኝ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ወረቀቱ ከልጄ የክትባት ካርድ ጋር ታጥፎ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

«ከሴቷ ጀምር» አሉት። «ታላቅ እሷ ናት።»